አንድ የሚጎድለው መልስ

ተማሪዎቼ የቃላት ፕሮብሌም ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል። «ቲቸር፣ እኩልታውን ሠርተው ይስጡንና እኛ እንፍታው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይኼን ጊዜ ደሜ ይፈላል። እኩልታውንማ ማንም ይፈታዋል። አሁን አሁን ስልካቸውን ቢደቅኑበት ስልኩም ይፈታላቸዋል። ዋናው ሥራ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ሰው የሚያወራውን ወሬ ሰምቶ፣ ከወሬው መሀል የማይታወቀውን ነገር ለይቶ፣ «በቃ፣ አንተን ኤክስ ብዬሃለሁ» ማለት ነው ሥራው። ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ደጋግመው ያዛጉብኛል።

ኃይለኛ ናት እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልቀየማቸውም። ግን አንዳንድ ቀን ከፊት ወንበር የተቀመጠች ልጅ ትክክለኛውን ነገር ሠርታ ሠርታ መጨረሻው ላይ ስትሳሳት ሳይ፣ ቁጣዬ ባንድ ጊዜ ይበርድና ወደ ስምንተኛ ክፍሌ እመለሳለሁ። እዚሁ መካነ ሰላም ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ የቃላት ፕሮብሌም የምወደው እኔ ነበርኩ፤ በቃላት ፕሮብሌም የምወድቀውም እኔ ነበርኩ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሄዱ ልንገራችሁ።

አገራችን በወግዲ በኩል ነው፤ ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። የቀበሌያችን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ብቻ ስለነበረ ሰባተኛን የፈለገ ልጅ ከተማ ገብቶ ክፍል ይከራያል። የእኔ ክፍል አንዲት ሙስሊም አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበረች። መደብ፣ የላምባ ምድጃ፣ ስንቄን የማኖርባት የእንጨት ሳጥን፣ አለቀ። መስኮቷን ስከፍት የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው እየጮኸ የራሴን ድምፅ እንኳ አያሰማኝም። በየገበያው ቀን አባቴ ድርቆሽና በሶ፣ አንዳንዴም ሽሮ በአህያ ጭኖልኝ ይመጣል። ዛሬ ያቺን ክፍል ብዙ እጥፍ በሚሆን ቤት ውስጥ እየኖርኩ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የምትናፍቀኝ እሷ ናት። ሰው ብርዱንና ብቸኝነቱን እንዴት ይናፍቃል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እናፍቃለሁ።

የዚያች ክፍል ነገር ግን ቁርጥ ያለ ውል ነበረበት። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንድሜ በዚያው ዓመት ስድስተኛን ይጨርሳል። ስምንተኛን ስጀምር አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ ብሎ ነገሩን ሳያድበሰብስ ነገረኝ። «ካለፍሽ እንደምንም ብዬ ሁለታችሁንም ከተማ አኖራለሁ። ከወደቅሽ ግን ማስደገም አልችልም። ክፍሏን ለወንድምሽ ትለቂና አንቺ ቤት ገብተሽ እናትሽን ታግዣለሽ። አልዋሽሽም፤ አቅሜ ይኸው ነው።» ክፋት አልነበረበትም። ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እኔም እሺ አልኩ፤ ምን እላለሁ?

የሒሳብ መምህራችን የወረኢሉ ልጅ ነበር። ገና ከኮሌጅ መውጣቱ ስለሆነ ለሁሉ ነገር ይቸኩላል፤ ክፍል ሲገባ ራሱ በሩን በትከሻው ነው የሚከፍተው። የመጽሐፉን ጥያቄዎች ይንቃቸው ነበር። «የመዋኛ ገንዳ! እስቲ ከናንተ መሀል የመዋኛ ገንዳ ያየ እጁን ያውጣ!» ይላል። ማንም አያወጣም። ከዚያ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ይወረውርና ከራሱ ያወጣል። ለእናንተ የቀረበ ነው እያለ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ ዶሮ ያመጣልናል። ልጁ ለእኛ ብሎ መድከሙ ነው። የእኔን እግር የያዘው ግን ይኸው የቀረበው ነገር ነበር።

አንዱን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። «አንድ ገበሬ በጎች አሉት። የበጎቹን ብዛት እጥፍ አድርገን ስድስት ብንጨምርበት ሃምሳ አራት ይሆናል። ገበሬው ስንት በግ አለው?» ለእኔ ይኼ ጨዋታ ነው። በጎቹን ኤክስ አልኳቸው፤ ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት እኩል ይሆናል ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ፤ ስድስቱን ቀነስኩ፤ ለሁለት አካፈልኩ፤ ኤክስ ሃያ አራት ወጣ። መምህሩ ግን በዚህ አይለቀንም። መልሱን በዓረፍተ ነገር ካልጻፋችሁ አላርምም ይላል። እኔም ከታች በጥሩ ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ስለዚህ ገበሬው 23 በጎች አሉት።»

ወረቀቱ ሲመለስልኝ በቀይ «ጥንቃቄ!» ይላል። በሚቀጥለውም ፈተና «ጥንቃቄ!»። ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ቃሉ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት መጣ። በመጨረሻ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አስጠራኝ። የድሮ ወረቀቶቼን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል።

«ነይ እስቲ። እዚህ ጋ ምን ይላል?»

«ሃያ አራት።»

«እዚህ ታችስ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ከላይ ወደ ታች ስትወርዱ አንዷ በግ የት ቀረች? ጅብ በላብሽ?»

ጣቱን ከወረቀት ወረቀት እያዘዋወረ ቀጠለ። «ሲሚንቶ ሲሆን አትሳሳቺም። ኪሎ ሜትር ሲሆን አትሳሳቺም። በግ ሲሆን ግን አንድ ይጎድላል፣ ላም ሲሆን አንድ ይጎድላል፣ ዶሮም እንደዚያው። እየቀለድሽብኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ቲቸር!»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሙሉው አይነገርማ» አልኩት።

በእኛ ቤት ነፍስ ያለው ነገር ሙሉ ቁጥሩ አይነገርም ነበር። ሰው መጥቶ «በጎቹ ስንት ደረሱ?» ሲል አባቴ «አሉ፣ ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ጠያቂው ድርቅ ካለበት ግን አንዷን ቀንሶ ይናገራል። ለከብቱም ለልጁም እንደዚሁ ነው። ሙሉውን መናገር ዓይን መጥራት ነው፤ ያልተነገረችው አንዷ ሌሎቹን ትከልላለች ይባላል። ይኼን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ አፌን ስፈታ አብሬ የፈታሁት ነገር ነው። ኤክስ ሃያ አራት ሲሆን አልፈራም፤ ኤክስ የማንም አይደለምና። «ገበሬው» ብዬ ስጀምር ግን ሰውየው ይታየኛል፤ በሩ ላይ ቆሞ በጎቹን ሲያስገባ ይታየኛል። ምን በደለኝና ነው ሙሉውን የማወራበት?

መምህሩ ይኼን ሲሰማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀና ብሎ ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁ ተቋረጠ። «አይ፣ ልክ ነሽ» አለኝ፤ «እናቴም እንደዚሁ ናት፣ እኔ ነኝ የረሳሁት። ግን እኮ የእኔ በጎች የጠመኔ በጎች ናቸው። ዳስተር እንጂ ዓይን አይበላቸውም!» እኔም ሳቅሁ። ወደ ወንበሬ የተመለስኩት ተጽናንቼ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና ግን እጄ እንደገና አንዷን በግ አስቀረ።

ለአከራዬ አወራኋቸው። እሳቸው ፊደል ባይቆጥሩም ትምህርቴን እንደ ራሳቸው ጉዳይ ነበር የሚከታተሉት፤ ፈተና ባለኝ ቀን ዱዓ ሳያደርጉልኝ ከግቢ አያስወጡኝም። ነገሩን ሰምተው በጣም ተገረሙ፤ የተገረሙት ግን በእኔ ፍርሃት ሳይሆን በመፍትሔው ቅለት ነበር።

«እና ይኸ ምን ያስጨንቃል? ማሻአላህ ብለሽ መጻፍ ነዋ!»

«ፈተና ላይ እማማ?»

«ፈተና ላይስ ቢሆን? ማሻአላህ ባለበት ዓይን አይደርስም። አብሽሪ፣ ሙሉውን ጻፊና ማሻአላህ በይበት።»

እውነታቸውን ነው። አባቴ ራሱ፣ አንድ ጾም የማያስቀር ክርስቲያን፣ የጎረቤት አዝመራ ጥሩ ሆኖ ሲያይ ማሻአላህ ሳይል አያልፍም። እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም? በሚቀጥለው ፈተና ላይ «ስለዚህ ገበሬው 36 በጎች አሉት፤ ማሻአላህ» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ሙሉ ማርክ አለው፤ ከሥሩም መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ «አሜን» ብሎበታል።

ይኼ ወረቀት ክፍሉን ሁሉ ዞረ። ልጆቹ ሙሉ ማርክ ያስገኘው ማሻአላህ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ይጽፉት ጀመር። መምህሩ ለተወሰነ ጊዜ ታገሰ። አንዱ «መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ተጓዘ፤ ማሻአላህ» ብሎ ሲጽፍ ግን አልቻለም፤ «በእኛ መንገድ አርባ ከሄደስ ማሻአላህ ይገባዋል» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። የዚያ ሰሞን ደስታ ትዝ ሲለኝ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። የማለፍ ተስፋዬ ለምልሞ ነበር።

ከዚያ የዳቦው ጥያቄ መጣ። «አንዲት እናት ዳቦ ቆርሳ ለልጆቿ ታድላለች። ሦስት ሦስት ቁራሽ ብትሰጣቸው ሁለት ይተርፋታል፤ አራት አራት ብትሰጣቸው ሁለት ያንሳታል። ልጆቿ ስንት ናቸው?» ጥያቄው ከበጉ ከበድ ቢልም አላቃተኝም። ልጆቹን ኤክስ ብዬ፣ ዳቦው በሁለቱም በኩል ያው ዳቦ ነው ብዬ፣ ሁለቱን ወገን አስተካከልኩ። ኤክስ አራት ሆነ። ዓረፍተ ነገሩ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ማሻአላህ ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤ እሱም አላስጻፈኝም። ሰዓቱ ሲያልቅ «ሴትዮዋ 3 ልጆች አሏት» ብዬ ሰጠሁ።

እዚህ ላይ የተደበቀ ነገር አለ እንዳትሉኝ ወዲያው ልናገረው። እኛ ቤት ልጆቹ አምስት ነበርን። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የቤተሰብ ብዛት የሚመዘግብ ወጣት መጣና እናቴን ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቃት። «አራት» አለችው። ልጁ ተጫዋች ነገር ነው፤ በራፉ ላይ ተደርድረን ስናየው ጮክ ብሎ አንድ በአንድ ቆጠረንና «እናቴ፣ አምስተኛውን ደበቁብኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ማሻአላህም ያለ አልነበረም። ልጁ ጽፎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ አመስግኖ ሄደ።

በዚያው ክረምት የሁላችንም ታናሽ የነበረውን ሕፃኑን ወንድሜን ትክትክ ያዘው። ገና መሄድ መጀመሩ ነበር። ውሃ ሲፈስ ባየ ቁጥር እጁን ያጨበጭባል፤ ዝናብ የሚዘንበው ለእሱ ይመስለው ነበር። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ወደ ጤና ጣቢያ ሊያሻግሩት አልቻሉም። ሲቀበር እኔ ከቤት እንዳልወጣ ተደርጌ ነበር፤ ጎረቤቶች ሲያለቅሱ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ስሙን አላነሣም። ቁጥሩ ነው የገደለው ብሎ የተናገረም የለም። ግን ጥጉ ጋ ተቀምጬ እኔው ራሴ አስቤ እኔው ራሴ ደረስኩበት፦ አምስት ተባልን፣ አንዱ ሄደ። እንግዲህ እኔ ነኝ አራት ብዬ የምጽፈው? የቀረነው እኮ ከእኔ ጋር አራት ነን።

መምህሩ ይኼን አያውቅም። እሱን ያስጨነቀው የክልሉ ፈተና መድረሱ ነበር። «እዚያ ማሻአላህ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ አንዱን ክብ ማጥቆር ብቻ ነው» አለኝ። «ፈተና አውጪዎች ደግሞ የአንቺን ዓይነት ስሕተት ከትክክለኛው መልስ አጠገብ ማስቀመጥ ይወዳሉ። በአንድ እየጎደልሽ ልትወድቂብኝ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ያወራኝ ያን ቀን ነበር። በገበያው ቀን አባቴ ስንቅ ሲያመጣ ጠብቆ አነጋገረው። በግ ሲሆን እንደዳንኩ፣ ልጆች ሲሆን ግን እንዳልቻልኩ፣ የዳቦውን ጥያቄ ሳይቀር ነገረው።

አባቴ እስኪጨርስ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አንዳች ነገር ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ይኸ የቤት ነገር ነው» አለና አህያውን እየነዳ ሄደ። ያን ሳምንት አላጠናሁም ማለት ይቻላል። ሳጥኔን እያየሁ ወንድሜ ልብሱን የት እንደሚያስቀምጥ አስብ ነበር። በዚያች ክፍል ቀናሁባት፤ በገዛ ወንድሜ ቀናሁ።

በሚቀጥለው ገበያ ስንቁን ይዛ የመጣችው እናቴ ናት። ከተማ የመውጣት ነገር አትወድም፤ ለገበያ እንኳ የሚወጣው አባቴ ነበር። በሩ ላይ አቧራ ለብሳ ሳያት የሆነ ሰው የሞተ መሰለኝ። አከራዬ ከጓዳቸው ወጥተው ተቀበሏት። «እንደምን ከርመሻል? ልጆቹ ደህና?» «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ። ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የተመለሰው። አከራዬ አስተዋይ ናቸው፤ ውሃ ሰጥተዋት በሩን ገርበብ አድርገውልን ሄዱ።

እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አራገፈች። ክፍሏን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ እኔን አየች።

«አምጪው እስቲ ያንን ጥያቄ።»

«የቱን?»

«የዳቦውን። አባትሽ ነግሮኛል።»

አነበብኩላት። ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «ምስኪን! ስታሳንስ ይተርፋታል፣ ስታበዛ ያንሳታል» አለች፤ ሴትዮዋን የምታውቃት ይመስል አዘነችላት። ከዚያ «ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«ኤክስ አራት ነው።»

«አንቺ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሦስት።»

ውጪ የገበያተኛው አህያ ይጮኻል።

«ማንን ነው የቀነስሽው?» አለችኝ።

ስቀንስ ቁጥር እንጂ ሰው የቀነስኩ መስሎኝ አያውቅም። ወንድሜን ነው? እህቴን ነው? እምባዬ መጣ። እናቴ ግን አልተወችኝም።

«ያ መዝጋቢ ልጅ የመጣ ለት ስንት አልኩት?»

«አራት።»

«አሁንስ ሰው ሲጠይቀኝ ስንት ነው የምለው?»

አሰብኩ። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ፣ ለቅሶ ቤት፣ መንገድ ላይ፣ ሰው ሲጠይቃት ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። «አራት» አልኩ። እንዳልኩትም ነገሩ ገባኝ። ሦስት ብላ አታውቅም። ሒሳብ እወዳለሁ እያልኩ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳላስተውለው ኖሬያለሁ።

«የሚቀነሰው ተቀንሷል እኮ፣ ልጄ» አለችኝ። «ከእንግዲህ አንድም አልቀንስም። አንቺ ማነሽና ነው ከልጆቼ ላይ የምትቀንሺው?»

ቁጣ ነበረበት ድምጿ። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ያን መዝጋቢ ልጅ ስንቴ እንደረገመችው ነገረችኝ፤ ውሃ ስትቀዳም፣ እንጨት ስትለቅምም ትረግመው ነበር። «ኋላ ግን አየሁት። በዚያ ክረምት ማዶ ካሉት ቤቶች ስንቱን ትክትክ ወሰደው። እነሱ ቤት የቆጠራቸው አልነበረም። ልጄን የወሰደው ሳል ነው፤ ወንዙም አግዞታል።» ስለ ወንድሜ ስታወራ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ብዙ አወራን። ውሃ ሲያይ ማጨብጨቡን እኔ አነሣሁባት፤ እሷ ሳቀችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ልትሄድ ስትል ወረቀቱን አስወጥታ በፊቷ ሦስቱን አሰረዘችኝ፤ አራትን ጻፍኩ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ተነሣች፤ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋት።

ፈተናው ሰኔ ላይ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ግቢው ጭቃ ነው፤ ሁላችንም ጫማችንን በር ላይ እየጠረግን ገባን። ከሒሳቡ መሀል የቤተሰብ ጥያቄ ነበረበት፤ የሴት ልጆችና የወንድ ልጆች ብዛት ተሰጥቶ ጠቅላላውን የሚጠይቅ። መምህሬ እንዳለው ትክክለኛው መልስና አንድ የሚጎድለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሉውን አጠቆርኩ። ከንፈሬ ማሻአላህ ሲል ፈታኙ ኮራጅ መሰልኩት መሰለኝ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እስኪሄድ ጠብቄ ክቡን ደግሜ አጠቆርኩት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ ነበር የቀረው።

ውጤቱ ክረምቱ መሀል ላይ መጣ። አልፌያለሁ። አባቴ ቃሉን ጠበቀ፤ መስከረም ላይ ወንድሜ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ያቺ ክፍል ገባ፣ እየተጣላንም እየተሳሳቅንም አብረን ኖርንባት። እኔ ግን ፈተና ሲባል የሚታወሰኝ ውጤቱ የመጣ ቀን አይደለም። የሚታወሰኝ ተፈትነን የወጣን ዕለት ነው።

ልጆቹ ተሰብስበው መልስ ሲያመሳክሩ እኔ አልቆምኩም። አከራዬን እንኳ ሳልሰናበት ወደ አገሬ መንገድ ገባሁ። እናቴ ያለችኝን አምኜ ነበር፤ እግሬ ግን አላመነም። ሙሉውን ጻፍኩ፣ ሙሉውን ጻፍኩ እያልኩ እየሮጥኩ፣ ሲደክመኝ እየተራመድኩ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝን ሰው ሁሉ ፊቱን አየዋለሁ፤ የሰማው ነገር ካለ ብዬ። ወንዙ ገና አልሞላም፤ ልብሴን ሰብስቤ ተሻገርኩ። አቀበቱን ስጨርስ ቤታችን ታየኝ፤ ሰው አልተሰበሰበም፣ የጮኸም የለም። ያም ሆኖ ሩጫዬን አላቆምኩም።

እናቴ ደጅ ላይ ዘር ታበጥራለች። ቀና ብላ ስታየኝ ፈተናው እንዴት ነበር አላለችም። ጭቃዬን፣ ትንፋሼን፣ ዓይኔን አየችና ሰፌዱን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ማሳው ዞራ ተጣራች፤ ወደ ጓሮ ዞራ ተጣራች። «ኑ! ሁላችሁም ኑ!»

ወንድሜ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለቅልቆ ከእርሻ መጣ። እህቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓዳ ወጣች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ትንሹ ወንድሜም ቆሎ በአፉ ሞልቶ ከጓሮ ብቅ አለ። እናቴ ግድግዳው ሥር አሰለፈቻቸው። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ያጠፉት ነገር ያለ መስሏቸዋል።

«ቁጠሪ» አለችኝ።

አየኋት።

«ጮክ ብለሽ ቁጠሪ።»

ጣቴን ቀሰርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። «አንድ» አልኩ ወንድሜ ላይ። «ሁለት» አልኩ እህቴ ላይ። «ሦስት» አልኩ ትንሹ ላይ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግድግዳ ነው። ወደ በሩ ዞርኩ፣ ወደ ማሳው ዞርኩ፣ ማን እንደጠፋ ለማወቅ እንደገና ከወንድሜ ልጀምር ጣቴን መለስኩ።

እናቴ መጥታ ያንን ጣቴን ያዘችው። ዘር ሲያበጥር በዋለ እጇ አጥፋ ደረቴ ላይ አስቀመጠችውና፣ ማዶ ያለ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ፣

«አራት!» አለች።